በጋሼ ቀለም ዓይን ውስጥ ያለው ገሞራ

አባቴ የሚፈነዳበትን ቀን ስጠብቅ አንድ ክረምት ሙሉ አሳለፍኩ። ሳቁ፣ ግዴለም፤ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማስረጃዬም የተሟላ ነበር።

አባቴ ጀሶ ሠሪ ነው። የሚሠራው ለትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ዕቃ በሚያመርት ወርክሾፕ ውስጥ ነበር፤ የዓለም ሉል፣ የሰው አፅም፣ ጥርሱ እየተነቀለ የሚገባ መንጋጋ፣ ክዳኑ ተነስቶ ልቡ የሚታይ ደረት ይሠራሉ። ከሁሉ የሚበዛው ግን እሳተ ገሞራ ነበር። መሐል ለመሐል እንደ ሐብሐብ ተገምሶ ሆድ ዕቃው የሚታይ ተራራ። አባቴ ጀሶውን በባልዲ ይበጠብጥና ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈሰዋል፤ ሲደርቅ ፈልቅቆ ያወጣዋል፤ ጎርበጥ ያለውን በሻካራ ወረቀት ይፈገፍግና ከጎኑ ወዳለው ጠረጴዛ ያሳልፈዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የወርክሾፑ ብቸኛ ቀቢ ተቀምጠዋል። ሁሉም ሰው ጋሼ ቀለም ነው የሚላቸው።

እናቴ ነርስ ስለነበረች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚይዘኝ ሰው ይጠፋል። አባቴ እጄን ይዞ ወርክሾፕ ይወስደኛል። እዚያ ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ዕቃ አለመንካት። እሱንም ቢሆን በቅጡ አልሠራሁትም።

አባቴን "ድፍኑ" ነበር የሚሉት። ድፍኑ ዛሬ ሦስት ቃል ተናገረ ከተባለ፣ ልብሱን ከገመድ ላይ አንሱ፣ ዝናብ መምጣቱ ነው ይባላል። "እሺ" ይላል፣ "ይሁን" ይላል፣ ሲብስበት ደግሞ "ሆድ ይፍጀው" ይላል። ሰው ሲያስቀይመው ሆድ ይፍጀው። ጫማው ሲቀደድ ሆድ ይፍጀው። ጋሼ ቀለም ደግሞ ተቃራኒው ናቸው፤ ብሩሻቸውና ምላሳቸው እኩል ነው የሚሮጡት። የሰማሁትን ሁሉ ስለማፈስ "ወንፊት" የሚል ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሬዲዮ ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ሳወራ ውዬ ደመወዝ ይከፈለኛል። ስሙ አልተሳሳተም ማለት ነው።

አንድ ቀን ሦስት ተራራ ፊቴ ደረደሩና፣ "ነይ እስቲ ወንፊት" አሉኝ። "ገሞራ ሁሉ አንድ ይመስልሻል? እንደ ሰው ነው፤ ጠባይ ጠባይ አለው።"

የመጀመሪያው ዝርግና ሰፊ ነበር፤ መሬት ላይ የተደፋ ጋሻ። "የዚህ የሆዱ ቅልጥ ድንጋይ ቀጭን ነው፤ እንደ ማር ይፈሳል። እንፋሎቱ መውጫ አያጣም። ስለዚህ አይፈነዳም፤ ይገነፍላል፣ ሲፈስ ይውላል፣ አለቀ። እናትሽን በይው።" እውነታቸውን ነው። እናቴ የተናደደችበትን ነገር እዚያው ቁጭ ብላ ትዘረግፈዋለች፤ ምሳ ሳይደርስ ረስታው ታንጎራጉራለች።

ሁለተኛው ትንሽዬ ነበር፤ መንገድ ዳር የተደፋ የጠጠር ቁልል የሚመስል። "ይሄ የፍም ቁልል ነው። ድንገት ቱግ ይልና ፍንጣሪውን ወደ ላይ ይረጨዋል። የረጨው እዚያው ዙሪያው ይወድቅበታል። ከዚያ ይበርዳል። ማንን እንደሚመስል አልነግርሽም" አሉና በአገጫቸው ወደ ኃላፊው ቢሮ ጠቆሙ።

ሦስተኛው ረጅም ነው፤ ሹል ነው፤ ጎኑ ንብርብር ነው፤ አንድ መስመር አመድ፣ አንድ መስመር ድንጋይ፣ እንደገና አመድ። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይሄን ፍሪ። የዚህ ቅልጥ ድንጋይ እንደ ሊጥ ወፍራም ነው። እንፋሎቱ መሐሉ ይታፈናል። ጉሮሮው ላይ ድንጋዩ ይረጋና ድፍን ይላል። ከውጭ ስታዪው ጭጭ ነው፤ ሣር ይበቅልበታል፣ ወፍ ይሰፍርበታል። ውስጡ ግን ይታመቃል፣ ይታመቃል። መተንፈስ ነበረበት፤ አልተነፈሰም። ታዲያ አንድ ቀን..." ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመቱት የቀለም ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ዘለሉ። "አናቱ የለም! አመዱ ቡን ብሎ ሰማዩን ይሸፍነዋል!"

"እሱስ ማንን ይመስላል?" አልኳቸው።

"ይሄማ ድፍኑ ነው! አባትሽ ነዋ!" ብለው ሳቁ። አባቴ ከባልዲው ቀና ሳይል ፈገግ አለ። ለእነሱ ቀልድ ነበር። ለእኔ ግን ሐኪም የተናገረው ያህል ነበር።

በሳምንቱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቷል። እኔ ከጀሶ ከረጢቶቹ ጀርባ ቤት ሠርቼ ተቀምጫለሁ። ጋሼና አባቴ ብቻቸውን ቀርተዋል። ወትሮ ሳላቸው እንኳ ከደጅ የሚሰማው ጋሼ፣ ያን ዕለት በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

"ዓይኔን አየኸው? በየቀኑ እያደገ፣ ሞራው ሊጋርደኝ ነው" አሉ።

እኔ ከዚህ ውስጥ የሰማሁት ሌላ ነው። "እያደገ፣ ሞራው" ያሉትን "ገሞራው" ብዬ ያዝኩት። በጋሼ ዓይን ውስጥ ገሞራ አለ!

"ሐኪም ዘንድ ሂድ" አለ አባቴ።

"ዓይኔን በቢላ? ይቅርብኝ! ደሞስ ፈቃድ ስጠይቅ ኃላፊው ለምን ማለቱ ይቀራል? ዓይን የሌለው ቀቢ ብሎ በዕለቱ ነው የሚያሰናብተኝ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። አደራህን፣ ለማንም እንዳትተነፍስ። ከተነፈስክ ጉዴ ፈላ!"

አባቴ ጀሶውን ከጣቶቹ ላይ ጠረገ። ከዚያ "ሆድ ይፍጀው" አለ።

እኔ ከከረጢቱ ጀርባ ደርቄ ቀረሁ። ድሮም ድፍን የሆነውን ሰው አሁን ጭራሽ እንዳይተነፍስ አስማሉት። ሆዱ ሊፈጅ ነው። ጉድ እየፈላ ነው። ጋሼ ራሳቸው ጠረጴዛ እየመቱ ያስተማሩኝን ረሱት እንዴ? ለዓይናቸው አዘንኩላቸው፤ በአባቴ ላይ በሠሩት ግን በጣም ተናደድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። በየሰበቡ ግንባሩን በመዳፌ እለካለሁ። "አባዬ፣ እስቲ እፍ በልብኝ" እለዋለሁ፤ እፍ ይልብኛል፤ ለጊዜው ቀለል ይለኛል። እሑድ ከሰዓት ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ጆሮዬን ሆዱ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ያጉረመርማል! ሮጬ ሄጄ አንድ ጆግ ውሃ አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። ሲነሳ ረግጦት ምንጣፉ ራሰ፤ እናቴ ገነፈለች፤ አባቴ "ይሁን" አለ። ለምን እንዳስቀመጥኩት የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አልናገርም ነበር። ከነገርኳቸው እኔ ተነፈስኩ ማለት ነው እንጂ እሱ አልተነፈሰም።

እናቴ የሌሊት ተረኛ በሆነችበት ሳምንት ሌላ ማስረጃ አገኘሁ። አባቴ ሁልጊዜ ከሠራተኛው ሁሉ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚገባው፤ ያን ሳምንት እኔንም በማለዳ ይዞኝ ሄደ። "በር ላይ ተቀመጪ፤ ሰው ሲመጣ ንገሪኝ" አለኝ። ለእሱ ይሄ ንግግር ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር ሲሠራ ቆየ። ቀደም ባለው ማታ ስንወጣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ተራራ አይቼ ነበር፤ ቅልጥ ድንጋዩ እንደ ሣር አረንጓዴ ነበር። እንደዚያ ዓይነትም ይኖራል ብዬ አልፌው ነበር። ጠዋት ተመልሼ ሳየው ቀልቷል፤ ፍም መስሏል።

"አባዬ፣ ጣትህ ቀላ" አልኩት።

"ቀለም ነው።"

"ከየት መጣ?"

"ከቆርቆሮ።"

አላመንኩትም። ተራራው ሌሊቱን ጋለ፤ አባቴም ከጣቱ ጀምሮ እየጋለ ነው፤ እንዳይታይበት ነው በር ላይ ያስቀመጠኝ፤ እንዲህ ነበር የገባኝ። ነገሩ ሌላ ነበር። ጋሼ ቆርቆሮዎቹን መለየት አቅቷቸው ነበር። መስመሩ ይዘልባቸዋል፣ አመዱ ሰማያዊ ይሆናል፣ እሳቱ አረንጓዴ ይሆናል። አባቴ በማለዳ እየገባ፣ ጋሼ ትናንት የቀቡትን ከላዩ እየደረበ ያስተካክል ነበር። ጋሼ ሲመጡ ትናንት የቀቡት ተራራ ደርቆ ይጠብቃቸዋል፤ ያነሱታል፣ ወደ መደርደሪያው ያሳልፉታል፣ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ምንም አያውቁም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ነገ ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ተናገረ። ዕቃው ከተወደደ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ አለ፤ ካልተወደደ የለም። ያን ቀን ማታ አባቴ ከነጀሶው አቧራ ቤት ሲገባ እናቴ ገና ከበሩ አየችውና፣ "ምነው አንተ፣ ምን ሰምተህ ነው አመድህ ቡን ያለው?" አለችው።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። አመዱ! አየሁት፤ ቅንድቡ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ ትከሻው ላይ ነጭ አመድ። በጋሼ ትምህርት መሠረት አመድ የመጨረሻው ነው።

በማግስቱ ከማንም ቀድመን ገባን። እኔ በር ላይ፣ አባቴ ጠረጴዛው ላይ። በሚችለው ፍጥነት ቀባ። ግን አንዱን ተራራ ጋሼ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አውጥተውት ኖሯል፤ አባቴ አላየውም።

ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ረጅም ሴት ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ተራራ መሐል ተንጠራርተው ያወረዱት ያንኑ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"ቅልጥ ድንጋይ አረንጓዴ የሚሆነው የት አገር ነው?" አሉ።

ኃላፊው ቱግ አለ። "ምንድነው ይሄ? እንዴት እንዲህ ይደረጋል?" ትንፍሽ ያለ የለም። ጋሼ ብሩሽ እንደያዙ ወደ ድምፁ ዞረዋል፤ ምን እንደወረደ እንኳ በቅጡ አላዩም። ኃላፊው ወደ አባቴ ዞረ። "ድፍኑ! አንተ ከቀቢው ጎን ነህ፤ ሳታይ አትቀርም። ምን እየተሠራ ነው እዚህ? ተናገር እንጂ!"

አባቴን አየሁት። ፊቱ ቀልቷል። ላቡ በጀሶው መሐል መንገድ አበጅቶ እየወረደ ነው። አንገቱ ላይ ጅማቱ ተወጥሯል። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ደረሰ አልኩ።

"አባዬ ተንፍስ!" ብዬ ጮህኩ። ሮጬ ወገቡን ያዝኩት። "በናትህ ተንፍስ! ልትፈነዳ ነው! ጋሼ ዓይን ውስጥ ገሞራ እንዳለ ንገራቸውና ተንፍስ!"

ከወዲያ ማዶ አንዱ ልጅ እግር አናጺ ሊስቅ ብሎ ተወው። ጋሼ ቀለም ብሩሻቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"ሞራ ነው፣ የኔ ልጅ" አሉ። "'ገ' የለውም። ገሞራ ሌላ፣ ሞራ ሌላ።"

ስህተት ሰምተው ማለፍ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ዝም ቢሉ ማንም የልጅ ወሬ ብሎ ያልፈው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መመለሻ አልነበራቸውም።

"የምን ሞራ?" አለ ኃላፊው።

"የዓይን ነዋ። ሁለቱም። ሁሉን ነገር በወተት ውስጥ እንዳለ ነው የማየው።"

"ዓይኑ የማያይ ሰው ነው ቀለም የሚቀባልኝ? በል አንተ ሰውዬ፣ ዕቃህን ሰብስብና..."

"ይታከማል" አለ አባቴ።

ሁሉም ዞሮ አየው። አባቴ በኃላፊ ንግግር መሐል ሲገባ ማንም አይቶ አያውቅም።

"ይታከማል። ታክሞ እስኪመለስ እኔ እቀባለሁ።"

"አንተ? ትችላለህ እንዴ?"

"እሞክራለሁ።"

ኃላፊው በረደ፤ እንደ ልማዱ። ተቆጣጣሪዋን አየ፣ አረንጓዴውን ተራራ አየ፣ "አንድ ወር" አለ። "ከአንድ ወር አንድ ቀን ቢያልፍ አላውቀውም።" ተቆጣጣሪዋም ያንን አንዱን ለብቻው አስቀምጠው ሌሎቹን ማየት ቀጠሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እጄን ይዞ ነበር። "አባዬ፣ አሁን ተነፈስክ?" አልኩት። ቆመ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ምን እንደጠየቅኩት የገባው አልመሰለኝም። "ተነፈስኩ" አለኝ። የምር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነፍሱን አተረፍኩ ብዬ እየዘለልኩ ነው ቤት የገባሁት፤ አንድ ሰው ለጥቂት ከሥራው ሳላስባርር እንደቀረሁ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ግን በዚያ ነገር ተቆጥቶኝ አያውቅም።

የቀረውን እናቴ ጨረሰችው። ነገሩን እንደሰማች በማግስቱ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወርክሾፑ ደረሰች። "ክረምቱን ሙሉ በሞራ? አንድ ቀን ተኝተው የሚነሱበትን ነገር?" ጋሼ ቢላው፣ መርፌው፣ ደሙ ብለው ሊከራከሩ ሞከሩ። "አጠገብዎ እቆማለሁ፤ እጄን ይዘው መጮህ ይችላሉ" አለቻቸው። ክንዳቸውን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻቸው። እንደነገረችን ከሆነ አልጮሁም፤ ሐኪሙ "እባክዎ ዝም ይበሉ፣ ሲያወሩ ጭንቅላትዎ ይነቃነቃል" እስኪላቸው ድረስ ግን ስለ ተራራ ሲያስረዱት ነበር።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ትምህርት በሌለበት ቅዳሜ፣ ጋሼ በር ላይ ብቅ አሉ። ግራ ዓይናቸው ድኗል፤ ቀኙ ቀጠሮ ይዟል። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ሲያዩ ሲያዩ ቆዩ።

"ይሄ ግድግዳ ቢጫ ነበር እንዴ?" አሉ። ከዚያ አባቴን አዩት። "ድፍኑ! ምነው እንዲህ አረጀህ?"

"ጀሶ ነው" አለ አባቴ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጋሼ እኔን አንስተው ግንባሬን ሳሙኝ፤ "ወንፊቷ! አፍሽን ይባርከው" አሉኝ። ጠረጴዛቸውን ዳበሱ፣ ቆርቆሮዎቻቸውን በየቀለማቸው ደረደሩ፣ ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። አንድ ተራራ አወረዱ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አሉ።

ሌላ አወረዱ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አስጠግተው አዩት። "ይሄም አይደለም።" ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አምስተኛውን ገልብጠው ከሥሩ የተጻፈውን ቀን አነበቡ። ሰዉ ወደየሥራው ተመልሷል፤ እኔና አባቴ ብቻ ነን የምናያቸው። እኔ እንደሆንኩ ምን እየሆነ እንዳለ ጭራሽ አልገባኝም።

"ይሄ የዛሬ ዓመት የተሠራ ነው" አሉ።

አባቴ ጀሶ መበጥበጡን ቀጠለ።

"እኔ የነገርኩህ በዚህ ክረምት ነው። የዛሬ ዓመት እኮ እኔ ራሴም አላወቅኩትም።"

"እኔ አይቼው ነበር።"

"ታዲያ ካየኸው ለምን አልነገርከኝም? ዓመት ሙሉ ከኋላዬ እየመጣህ ስትቀባ!"

አባቴ እጁን ከባልዲው አወጣ። ጀሶ ከተበጠበጠ በኋላ ሰው መቆም የለበትም፤ እጅ ላይ ይደርቃል። እሱ ግን ቆመ።

"ብነግርህ ብሩሽህን ትሰቅላለህ" አለ። "ብሩሽህን ከሰቀልክ ደግሞ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ሃያ ዓመት አንተ ስታወራ እየሰማሁ ነው የሠራሁት። ከዚያ በኋላ ማን ያወራልኛል?"

ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጋሼ ተራራውን እንደታቀፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

"ዝም በል!" አሉት፤ እኚያው ሃያ ዓመት ሙሉ እስቲ ትንሽ ተናገር እያሉ ሲለምኑት የኖሩት ሰውዬ። "ዝም በል አንተ! ሐኪሙ ዓይንህን እንባ እንዳይነካው ብሎኛል!"